ከመታጠቂያው በፊት፦ የሰቲት አዳኞችና የመውደቅ አደጋ

ዛሬ በአሜሪካ ዛፍ ላይ አድፍጦ በቀስት የሚያድን ሰው፣ ቢወድቅ የሚይዘውን መታጠቂያ ከግንዱ ጋር ያስራል። ከመተማ በስተ ሰሜን፣ በሰቲት ዳርቻ የኖሩት የሐምራን ዐረቦች ግን ዝሆንን በፈረስና በሰይፍ ያድኑ ነበር። እነርሱንስ ምን ይይዛቸው ነበር?

በ1861 እ.ኤ.አ. ወደ አካባቢው የመጣውና በማግሥቱ ዓመት የመተማን ገበያ የጎበኘው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር አብሯቸው አድኖ፣ ያየውን በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት እየጋለበ ቁጣውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና ቋንጃውን ይቆርጣል። ፊተኛው ፈርቶ አብዝቶ ከራቀ ዝሆኑ ወደ ኋለኛው ይዞራል። እንግዲህ የሰይፈኛው መታጠቂያ የባልንጀራው ቅርበት ነበረ ማለት ነው።

ቤከር ድፍረታቸውን አብዝቶ ያደንቃል፤ የአውሮፓ ተጓዦች ልማድ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ሮደር ሸሪፍ ነው። ዝሆን ሲያሳድድ ከነፈረሱ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰባብሮ ሰልሎ ነበር። የኮሰመነች እጁን እንደ መንጠቆ አድርጎ ልጓም ይይዝባታል። ከዚያ በኋላም የሚጋልበው ከዝሆኑ ፊት ነበር።