ከመነገድ በፊት ማንበብ
ሀብት ምን እንደ ሆነ ስለሚያስተምሩ ሁለት መጻሕፍት



የምዕራብ ወሎ ደጋ የመጽሐፍ ድኻ ሆኖ አያውቅም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቦረና በጋስጫ የነበሩት አባ ጊዮርጊስ «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለውን ታላቅ ድርሰት አበርክተውልናል። ይሁን እንጂ ስለ ነፍስ የተጻፈውን ያህል ስለ ሀብት የተጻፈውን አላነበብንም። በመካነ ሰላምና በዙሪያው ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ አባት ጥቂት አይደለም። ልጁ ግን ትምህርቱን ሲፈጽም «የት እቀጠራለሁ?» ይላል እንጂ «ምን አቋቁማለሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች፣ ከመነገድ በፊት ሊነበቡ ይገባቸዋል የምንላቸውን ሁለት መጻሕፍት በአቅማችን ለማስታወቅ ተነሥተናል።

በፊት ዘመን የአገራችን ሰው አራሹን፣ ወታደሩንና ካህኑን ሲያከብር ነጋዴውን ዝቅ አድርጎ ያይ ነበር። ነገር ግን ደገኛው ጨው የሚቀምሰው በነጋዴ ድካም ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በግመልና በአህያ ሲጓዝ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየከበረ፣ በአንድ ጠገራ ብር የሚገዛውም አሞሌ ቁጥሩ እያነሰ ይሄድ ነበር። ዋጋውን ያከበረው ምንድን ነው? የመንገዱ ርቀት፣ የየኬላው ቀረጥ፣ የሽፍታው ፍርሃትና የነጋዴው ጉልበት ነው።

ይህን የመሰለውን ነገር አስፍተው ከመረመሩት ኢትዮጵያውያን ግንባር ቀደሙ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1878 ዓ.ም. በትግራይ በዐድዋ አጠገብ ተወለዱ። በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ አውሮጳ ተሻግረው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በባቡር መንገድና በድሬዳዋ ጉምሩክ አገለገሉ፤ የንግድን ሥራ በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የመጽሐፉ ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። የሀብት ሥሩ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛው ግን ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ፣ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ይቀበላል። ደግሞም ጦርነትና ዝርፊያ ባለበት አገር ማንም ጥሪት ሊያጠራቅም አይችልም፤ ጥሪት ከሌለ መሣሪያ የለም፣ መሣሪያ ከሌለም ድካሙ ፍሬ አይሰጥም። እኛም የበጋችንን ቆዳ በጥሬው በርካሽ ሸጠን ጫማውን በውድ በገዛን ጊዜ ሁሉ የነጋድራስ ቃል በእኛ ላይ እየተፈጸመ መሆኑን ማወቅ አለብን።

ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ተግቶ የሚሠራው ገበሬስ ለምን ባዶ እጁን ይቀራል? ወሎ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በረኀብ ባለቀ ጊዜ የሞተው ሰነፍ ብቻ አልነበረም። ለዚህ መልስ የሚሆነን ሁለተኛው መጽሐፍ የሕንድ ተወላጅ የሆኑት አማርትያ ሴን ስለ ድኽነትና ስለ ረኀብ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ነው። እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከመጽሐፋቸው አንዱ ክፍል የሚናገረው ስለዚሁ ስለ ወሎ ነው።

ሴን እንዳስረዱት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የተጫነ እህል ነበር። ሕዝቡ የተራበው የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። ለገበሬው አዝመራው ምግቡም ገንዘቡም ስለ ሆነ አዝመራው ሲጠፋ ሁለቱም በአንድ ቀን ጠፉ። ከብት ያለውም ሁሉ ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲነዳ የከብቱ ዋጋ ወደቀ። እንግዲህ ሀብት ማለት በበረት የቆመው የከብት ቁጥር አይደለም፤ በክፉ ቀን ተሸጦ የሚያመጣው እህል ነው።

ሁለቱን መጻሕፍት ባንድነት ያነበበ ሰው ይህን ያገኛል። ነጋድራስ ሀብት እንዴት እንደሚፈጠር ያስተምራሉ፤ ሴን ደግሞ እንዴት እንደሚጠፋ ያሳያሉ። ንብረቱን በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ያዋለ ሰው፣ ያ ነገር በሬም ይሁን ሱቅ፣ ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየም። ይህም ትምህርት ዛሬ ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልገናል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ ድጋፍ በአዲስ አበባ የአክሲዮን መገበያያ ተጀምሮ ነበር፤ ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት በተወረሱ ጊዜ ግን ቀረ። አሁን በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተመርቋል። ዕቁብ ስንገባ ዳኛውንና አባላቱን እናውቃለን፤ አክሲዮን ስንገዛ ግን ባለቤቶቹን በዓይን አናያቸውም። ስለዚህ ሒሳቡን አንብቦ «ይህ ኩባንያ ምን ይሠራል? ትርፉ ከምን ይመጣል? በክፉ ቀን ድርሻዬን ማን ይገዛኛል?» ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ ገዢ ፈንታ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በሬውን ሸጣችሁ የገዛችሁልን ዕውቀት ነው። ነጋድራስ እንዳሉት ዕውቀት ሥራን የሚያበዛ ከሆነ፣ የተሸጠው በሬ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ሳይሆን መጽሐፍ ተሸክሞ ወደ ቤታችሁ መመለስ አለበት። ይህን ዕዳ የምንከፍለው በደመወዝ ብቻ እንዳይሆን፣ ያነበብነውን በማታ በምድጃ ዙሪያ ለእናንተ ማንበብ እንጀምር። የትምህርት ቤታችንም መምህራን እነዚህን ሁለት መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ያኖሩልን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን።