ዘር ሳይተካ የሚሸጠው አውራ ዶሮ

በትግራይ መዝብር ከተባለ ጥንታዊ ሰፈር በቁፋሮ የወጣ የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ ይወስደናል፤ በአፍሪካ ዕድሜያቸው ከተለኩት ቀደምቶች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘሩን ጠብቀው ለእኛ ያደረሱልን እናቶቻችን ናቸው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ዶሮ የምታስታቅፍ እናት ከደህናዋ ዶሮ ትልልቁን እንቁላል ለይታ ታኖራለች። ቀለሙንም በየስሙ ትጠራዋለች፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዥግርማ።

ለበዓል ገበያ የወጣ ገዢ አውራውን በእግሩ አንጠልጥሎ ክብደቱን ይገምታል፣ የደረቱን ላባ እፍ ብሎ ገልጦ ሥጋውን ይዳብሳል፣ ኩክኔውን ያያል። ቀይ ሆኖ ድርብ ኩክኔ ያለው ዋጋው ይወደዳል፤ ጥቁሩ ፈላጊ ያጣል። የኩክኔው ምርጫ የዐይን አምሮት ብቻ አይደለም። ረዥሙ ነጠላ ኩክኔ ሙቀት ያባክናል፣ ውርጭም ይጎዳዋል፤ አጭሩና ድርቡ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ብርድ ይችላል።

በ1940ዎቹ ሮድ አይላንድ ሬድና ኋይት ሌግሆርን ከውጭ መጡ። የሀገሬው ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል እነዚህ በደህና መኖ ብዙ እጥፍ ይጥላሉ። ፈንግልና ጭልፊት ባለበት ደጅ ግን ነጯ ሌግሆርን ከሩቅ ትታያለች፣ መታቀፍም አታውቅም። በጉም ያው ታሪክ አለው፤ በ1959 ዓ.ም. በተቋቋመው የደብረ ብርሃን የበግ ማርቢያ የውጭ አውራ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ፤ በገበሬው ደጅ የተጠበቀውን ያህል አልሰፋም።

ዶሮውንም በጉንም የጎዳ አንድ ልማድ አለ፤ ምርጡ ወንድ ቀድሞ ይሸጣል። ፈጥኖ ያደገው ጠቦትና መልከ መልካሙ አውራ ዶሮ ዘር ሳይተኩ ለፋሲካ ይነዳሉ፤ የሚያዳቅለው ገበያ ያልፈለገው ቀሪው ነው። ቀለሙን አጥብቆ የሚወደው ገበያ ራሱ ቀለሙን ከዘር ያወጣዋል።

መንዞች በበጉ ይህን ልማድ ሰብረዋል። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በሞላሌና በመሐል ሜዳ ዙሪያ ገበሬዎች ከምርምር ተቋማት ጋር ሆነው ጠቦቶችን አሰባስበው በክብደት መዝገብ፣ በቀለም፣ በላትና በቀንድ መምረጥ ጀመሩ። የተመረጠው አውራ በግ ለመንደሩ በጋራ ይቀራል። በዚያው ዘመን ቢሾፍቱ ላይ የሆሮ ዶሮ ከትውልድ ትውልድ እየተመረጠ እንቁላሉ ጨመረ። የሀገር ዘር በምርጫ እንደሚሻሻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ጫጩት በብዛት ወደ ገጠር ይሄዳል። መልካም ነው፤ ከቤተሰብ ገበታ እንቁላል መጉደል የለበትም። ነገር ግን ድርብ ኩክኔ ያለው ቀዩ የመንዝ አውራ በዚህ መሐል እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ለበጉ የሠራው የጋራ ምርጫ ለዶሮውም ይሠራል፤ ከፋሲካ በፊት በየጎጡ ሁለትና ሦስት አውራ ቢመረጥ፣ ለባለቤቷ የገበያው ዋጋ ከጋራ ገንዘብ ቢከፈላት፣ አውራው እስከ ክረምት መግቢያ ቢቆይ ይበቃል። የዶሮ ገንዘብ በደጋው የሴቶች ነውና መራጮቹም እነሱ ይሁኑ።