ፊሊፒክ

ፊሊፒክ በእንግሊዝኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች አንድን ባለሥልጣን ወይም ባላጋራ በስም ጠርቶ፣ በአደባባይና በረጅሙ የሚያወግዝ ንግግር ወይም ጽሑፍ መጠሪያ ነው። ስያሜው የአቴናው ተናጋሪ ዴሞስቴንስ በመቄዶንያው ንጉሥ በዳግማዊ ፊልጶስ ላይ ካሰማቸው ንግግሮች የመጣ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሮማዊው ሲሴሮ በማርክ አንቶኒ ላይ ያዘጋጃቸው 14 ንግግሮችም በዚሁ ስም ተጠሩ። ዛሬ ቃሉ ለማንኛውም መራር ውግዘት ይነገራል። የመነሻዎቹ ንግግሮች ዓላማ ግን ከዘለፋ የሰፋ ነበር፤ ተናጋሪዎቹ የገዛ ወገናቸውን ቀስቅሰው ለተግባር ሊያነሣሡ ይሹ ነበር።

የዴሞስቴንስ ንግግሮች

ዳግማዊ ፊልጶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ359 (ከክ.ል.በ.) የመቄዶንያን አገዛዝ ጨበጠ። ብዙም ሳይቆይ አቴና የእኔ የምትላቸውን ወይም በወዳጅነት የያዘቻቸውን የሰሜን ኤጅያን ከተሞች መውሰድ ጀመረ፤ አምፊፖሊስን በ357፣ ፖቲዳያን በ356፣ ሜቶኔን በ354 ያዘ። አቴናውያን በየጉባኤው ስለ አደጋው ይከራከሩ፣ ውሳኔም ያሳልፉ ነበር። የሚልኩት ጦር ግን ብዙ ጊዜ ከተማው ከወደቀ በኋላ የሚደርስ ወይም ደመወዙ በወጉ የማይከፈለው ቅጥረኛ ነበር።

ዴሞስቴንስ የመጀመሪያውን ፊሊፒክ በ351 ከክ.ል.በ. ለሕዝባዊው ጉባኤ አቀረበ። ንግግሩ በፊልጶስ ስም ቢጠራም የወቀሳው በትር ያረፈው በአድማጮቹ ላይ ነው። ንጉሡ የገነነው በራሳቸው ቸልተኝነት መሆኑን፣ እርሱ ቢሞት እንኳ በዚሁ ስንፍናቸው ሌላ ፊልጶስ እንደሚያስነሡ ነገራቸው። ቡጢ ሳይማር ከሚጋጠም ሰው ጋርም አመሳሰላቸው፤ እንዲህ ያለው ሰው እጁን የተመታበት ቦታ ላይ ይጭናል እንጂ የሚመጣውን ምት አይከላከልም።

ወቀሳውን ግን እዚያ ላይ አላቆመም። 2,000 እግረኛና 200 ፈረሰኛ ያለው፣ በ10 ፈጣን የጦር መርከቦች የሚታጀብ ቋሚ ኃይል እንዲቋቋም ጠየቀ። ከእግረኛው 500፣ ከፈረሰኛው 50 ያህሉ ራሳቸው የአቴና ዜጎች እንዲሆኑም አሳሰበ፤ ሌሎች የሚዋጉለት ሕዝብ ጦሩን እንደማይቆጣጠር ያምን ነበርና። የዓመቱን ወጪ አስልቶ ከ90 መክሊት በላይ እንደሚሆን አስታወቀ።

ሁለተኛው ፊሊፒክ በ344፣ ሦስተኛው በ341 ከክ.ል.በ. ተነገሩ። አራተኛ ተብሎ የሚቆጠረው ንግግር የእርሱ መሆን አለመሆኑ ምሁራንን ሲያከራክር ኖሯል። ከሁሉም ኃይለኛ የሚባለው ሦስተኛው፣ የግሪክ ከተሞችን መከፋፈልና የመሪዎቻቸውን ጉቦኝነት ያጋልጣል። ዴሞስቴንስ እዚህ ላይ ፊልጶስን ግሪካዊ ያልሆነ፣ ከተከበረ የባዕድ አገር እንኳ ያልተገኘ ሰው እያለ ያቃልለዋል። ይህ የዘር ንቀት ከንግግሩ ደካማ ገጾች አንዱ ነው፤ ጥንካሬው ማስረጃ እየቆጠረ በሚከስባቸው ክፍሎች ላይ ይታያል።

አቴና ከቴብስ ጋር ተባብራ በ338 ካይሮኔያ ላይ ፊልጶስን ገጠመች፤ ድል ሆነች። ዜጎቿ ግን ለወደቁት ወታደሮች የቀብር ንግግር እንዲያደርግ የመረጡት ያንኑ ዴሞስቴንስን ነበር። በ322 መቄዶንያውያን ሲያሳድዱት በካላውሪያ ደሴት፣ በፖሲዶን ቤተ መቅደስ መርዝ ወስዶ ሞተ።

የሲሴሮ ንግግሮች

ዩልዩስ ቄሳር ማርች 15 ቀን 44 ከክ.ል.በ. ሲገደል የሮም ቆንሲል ማርክ አንቶኒ ነበር። ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ እየተሰበሰበ መሄዱ ያሠጋው ሲሴሮ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን በሴኔቱ ፊት የመጀመሪያውን ንግግር አሰማ። ያ ንግግር ለዘብ ያለ ነበር። አንቶኒ በቁጣ ሲመልስለት ግን ሁለተኛውን ጻፈ። ይህ ከሁሉም መራሩ ንግግር በሴኔት ፈጽሞ አልተነገረም፤ በጽሑፍ ተሰራጨ እንጂ። የአንቶኒን ስካር፣ ዕዳና ብኩንነት ይዘረዝራል፤ በሉፐርካልያ በዓል ለቄሳር ዘውድ ማቅረቡንም ለሪፐብሊኩ ውድቀት ምስክር አድርጎ ያነሣል።

ስያሜውን ያነሣው ሲሴሮ ራሱ ነው፤ ከቄሳር ገዳዮች አንዱ ከሆነው ከብሩቱስ ጋር በተጻጻፈበት ደብዳቤ በከፊል በቀልድ የጠቀሰው ስም ጸንቶ ቀረ። ንግግሮቹ እስከ ኤፕሪል 43 ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር አንቶኒ፣ ኦክታቪያንና ሌፒዱስ ግንባር ፈጠሩ፤ የሲሴሮም ስም ከሚገደሉት ዝርዝር ገባ። ዲሴምበር 7 ቀን ተገደለ፤ የተቆረጠ ራሱና እጁም በሮም አደባባይ፣ ተናጋሪዎች በሚቆሙበት መድረክ ላይ ለሕዝብ ታየ።

ወደ እንግሊዝኛ መግባቱ

እ.ኤ.አ. በ1570 እንግሊዛዊው ቶማስ ዊልሰን የዴሞስቴንስን ንግግሮች ተርጉሞ አሳተመ። በዘመኑ እንግሊዝ የምትሠጋው ከስፔኑ ንጉሥ ከዳግማዊ ፊልጶስ ነበርና፣ የስሞቹ መገጣጠም ለአንባቢዎች የተሰወረ አልነበረም። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሥር የሰደደውም በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው።

ተቀራራቢ ቃላት

እንግሊዝኛ ለቃል ጥቃት ብዙ ስሞች አሉት። ኢንቬክቲቭ ከላቲን የመጣ ሲሆን የስድብና የዘለፋ ቋንቋን በጠቅላላ ያመለክታል። ዳያትራይብ በግሪክ መነሻው የፈላስፎች ትምህርታዊ ንግግር ነበር፤ የውግዘት ትርጉም የያዘው ኋላ ነው። ታይሬድ ሳይቋረጥ የሚወርድ የቁጣ ንግግር ነው። ጄረማያድ ስሙን ከነቢዩ ኤርምያስ ያገኘ ሲሆን፣ የዘመንን ብልሹነት እያለቀሰ ስለሚመጣው ጥፋት ያስጠነቅቃል፤ ሰቆቃወ ኤርምያስን የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ መንፈሱን በቀላሉ ይለየዋል።

መለያ ባሕርያት

ፊሊፒክን ከእነዚህ የሚለዩት ነገሮች አሉ። የሚከሰሰው ሰው በስም የታወቀና በጊዜው ኃያል ነው። ክሱ በድርጊቶቹ ላይ ይቆማል። የሚቀርበውም መወሰን ለሚችል አካል ነው፤ በአቴና ለሕዝቡ፣ በሮም በአብዛኛው ለሴኔቱ። ተናጋሪው ለቃሉ ዋጋ ሊከፍል ይችላል፤ ሁለቱም ከፍለዋል።

የቃሉ የዛሬ አጠቃቀም ቁጣውን ይዞ የመፍትሔ ሐሳቡን ትቷል፤ ይህም ለሕዝብ ንግግር ባህል እውነተኛ ጉዳት ነው። ንግግሮቹ ጦርነቱን ባያስቀሩም፣ ሪፐብሊኩንም ባያድኑም፣ ብርቱ ትችት ከስድብ በምን እንደሚለይ ያሳያሉ። ስለዚህ አንድን ንግግር ፊሊፒክ ለማለት የቃላቱ ምሬት ብቻ አይበቃም፤ አድማጩ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀም መመርመር ያስፈልጋል።