ቅምሻ ከማዕድ በፊት

በመንዝና በግሼ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የሀገራችን ክፍል፣ ደንብ አዋቂ ጠላ ቀጂ ዋንጫውን ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ራሷ ትቀምሳለች። መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት ማረጋገጫ ነው። ልብ ይበሉ፤ የሚቀምሰው ሰጪው እንጂ ተቀባዩ አይደለም። የዘመናችን ገበያ ግን ሥርዓቱን ገልብጦ ቅምሻውን ለገዢው ሰጠው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ነው። የመጽሐፍ ወዳጅን ስለ ጌም ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ጥያቄው የእኛም ነውና። አንድ ሥራ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ከፊሉ በነጻ ሲቀመስ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል ወይስ ያጠግባል?

እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮት ሚለር የተባለ አሜሪካዊ «ክሮዝ» የተሰኘውን ጌሙን በክፍል ከፋፍሎ የመጀመሪያውን በነጻ አሠራጨ፤ ቀሪውን የወደደ ገንዘብ ልኮ ያስመጣል። ይህን መንገድ በዓለም ያስከበረው ግን «ዱም» ነው። ኢድ ሶፍትዌር ዲሴምበር 10 ቀን 1993 ሲለቀው፣ ከሦስቱ ምዕራፎች የመጀመሪያውን ከነዘጠኝ ደረጃዎቹ ያለ ዋጋ ሰጠ። ሰው ከሰው በፍሎፒ ዲስክ እየገለበጠ ተቀባበለው፤ ኩባንያውም የሚሻው ይህንኑ ነበር። ብልሃቱ በልግስናው ብዛት ብቻ አልነበረም፤ አቆራረጡም ነው እንጂ። ተጫዋቹ የመጨረሻዎቹን ጠላቶች ድል ነስቶ አበቃ ሲል፣ ምዕራፉ በጨለማ ክፍል ውስጥ በአውሬ አስከብቦ ይተወዋል። ተረቱን እንቅልፍ በማይወስድበት ስፍራ ላይ «የቀረውን ነገ» ብለው የሚያቆሙ አያቶች ይህን ጥበብ ከማንም አልተማሩትም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተወሳሰበ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጌም ንድፍ አዋቂው ጄሲ ሼል በላስ ቬጋስ ጉባኤ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አሳየ፤ ማስታወቂያ ፊልም ብቻ የነበራቸው ጌሞች፣ ፊልሙም ቅምሻውም ከነበራቸው ይልቅ እጥፍ ያህል ተሽጠው ነበር። ብዙዎች በዚህ ተደናገጡ። እኔ ግን ሠንጠረዡን እንደ ፍርድ አልቀበለውም። ሽያጩን ቅምሻው ቀነሰው ወይስ ሌላ ምክንያት ነበረ የሚለውን ቁጥሩ ብቻውን አይመልስም። ደግሞስ ቀምሶ የተወ ሰው ሻጩን ጎዳ እንጂ ራሱን ምን ጎዳ? ኪሱ ውስጥ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ገዢ፣ አለመግዛቱም ትርፉ ነው። «ቅምሻ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል» ሲባል ማንን የሚለው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ጃፓናዊው ሂዴዮ ኮጂማ ሁለቱንም ጽንፍ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2001 «ዞን ኦፍ ዘ ኤንደርስ» የተባለው ጌም ሲወጣ «ሜታል ጊር ሶሊድ 2» የተባለው የኮጂማ ሥራ ቅምሻ አብሮት ነበረና፣ ብዙዎች ጌሙን የገዙት ለቅምሻው ሲሉ ነው። በቅምሻው ውስጥ በዝናብ በተመታ መርከብ ላይ የሚጫወቱት የሚወዱትን ስኔክን ሆነው ነበር። ሙሉው ሥራ ሲደርስ ግን ከመርከቡ በኋላ ጀግናው ራይደን የሚባል ሌላ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ቅምሻው ሳይዋሽ ደበቀ፤ የተናደዱትም ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ደግሞ «ፒ.ቲ.» የተባለ አስፈሪ ቅምሻ ወጣ፤ ኮጂማና የፊልም ዳይሬክተሩ ጊዬርሞ ዴል ቶሮ ለሚሠሩት «ሳይለንት ሂልስ» መንገድ ጠራጊ ይሆን ዘንድ። በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ላይ ዋናው ሥራ ተሰረዘ፤ ቅምሻውም ከመደብሩ ተነሣ። ቤቱ ሳይሠራ ደጃፉ ብቻ ዝነኛ ሆኖ ቀረ።

በሀገራችን ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበኝ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ክፍል በክፍል ተረከው። ይህ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የመጣ ነውና በጥብቅ ሲታይ ቅድመ ሽያጭ ቅምሻ አይባልም። መጽሐፍ መሸጫ በሌለበት እንደ ራቤል ላለ ስፍራ ግን ከቅምሻም ቅምሻ ነበር። እኔ ባና ተከናንቤ በጎረቤት ሬዲዮ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ስሰማ፣ መጽሐፉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። በሠንጠረዡ ሒሳብ ቢሆን እኔን መሰል አድማጭ ጠግቧልና አይገዛም። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ መጽሐፉ ዛሬም ይታተማል፣ ይሸጣል። እኔም ገንዘብ በእጄ ሲገባ የበዛብህን ፍጻሜ እያወቅሁ ገዛሁት። ሰው የሚገዛው ፍጻሜውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ ወለድ ሁለት ጊዜ ባልተነበበ።

ሆኖም ቅምሻው ያለ ዋጋ አልነበረም። ሐዲስ በቀለም የጻፉትን ጉዱ ካሣ በራሴ ድምፅ ለማንበብ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ፊታውራሪ መሸሻን ይቻላል። ጉዱ ካሣ አፉን በከፈተ ቁጥር ግን የሚናገረው ወጋየሁ ነው።