ሐኪሙ ማንን ይመርምር?

ስሙኝማ! ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ፣ የጀበና ቡናው በየበሩ ተደርድሮ ሳለ ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ጠዋት ወሬው ደረሰ፤ ሌሊት ከቦሌ ወደ ሮም የተነሣው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 767 ተጠልፎ ጄኔቭ አረፈ። ጠላፊውስ? ረዳት አብራሪው ኃይለመድኅን አበራ! ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፈበት። 202 ሰው ይዞ አረፈና በመስኮት ገመድ ጥሎ ወረደ፤ እጁንም ሰጠ። የስዊስ ተዋጊ ጄቶችማ አልተነሡም፤ የሥራ ሰዓት አልደረሰም ነበራ! ያጀቡት የጣልያንና የፈረንሳይ ናቸው።

ቡና ጠጪው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። «ጤነኛ ይህን አያደርግም» ያለ አለ። «ያበደ ሰው ቦይንግ ያሳርፋል እንዴ?» ያለም አለ።

ስዊስ አሳልፌ አልሰጥም አለች። መጋቢት 2007 ልደታ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። በ2008 ደግሞ የስዊስ ፍርድ ቤት ድርጊቱን መፈጸሙን አረጋግጦ፣ በአእምሮ ሕመም ላይ ስለነበረ በወንጀል አይጠየቅም፣ ይታከም አለ።

ክርክሩ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። ቂርቆስ ምድብ ችሎት የሚመላለሱ አንድ ጠበቃ ነበሩ፤ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«የኛንም የወንጀል ሕግ የጻፈው እኮ የጄኔቩ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነው፤ የ1949ኙን። የ1996ቱም አንቀጽ 48 ያንኑ ይላል። አውሮፕላን ማሳረፉን አይጠይቅህም። የሚሠራውን ነገር ምንነትና ውጤት ያውቅ ነበር ወይ? ቢያውቅስ ራሱን መግታት ይችል ነበር ወይ? ነው የሚልህ። ካጠራጠረ፣ በአንቀጽ 51 ባለሙያ ይመረምረዋል።»

«ታዲያ ልደታ ለምን አላስመረመሩትም?»

«ሰውየው ጄኔቭ! ሐኪሙ ማንን ይመርምር? ባዶ ወንበር?»

እኔም እላለሁ፣ ስዊስ ራራች፣ ልደታ ጨከነ የሚለው ወሬ ይህን ይዘለዋል። በሌለበት የሚታይ ችሎት ምስክር ይሰማል፣ ሰነድ ያያል፤ የተከሳሹን አእምሮ ግን ከየት ያመጣዋል?

ቡና ቀጂዋ ግን አልተዋጠላትም። «እንግዲህ ሐኪም ታሟል ካለ፣ በቃ፣ ነፃ ነው?»

«የለም፣ የኔ ልጅ። ሐኪሙ ታሟል ይላል፤ አይጠየቅም የሚለው ዳኛው ነው። ከዚያም ወደ ቤቱ መች ይሄዳል? ሕክምና ይገባል፤ አደገኛ ከሆነም ይዘጋበታል።»

«ለስንት ዓመት፣ ጋሼ?»

«ቁርጥ የለውም። ፍርድ ቤቱ በየሁለት ዓመቱ ያየዋል።»