መንዜው ለጌታ ሲያድር

ዘመሮ በምትገኝበት በመንዝ፥ በቀድሞው ዘመን ሎሌ ያልተመቸውን ጌታ ለቆ ለሌላ ማደር ይችል ነበር። ጌታ ሲመርጥ የሚመዝነው ጥሬ ብር ብቻ አልነበረም፤ ቀለቡን፥ ልብሱን፥ ጠመንጃውን፥ ከሁሉም በላይ በደመወዝ ፈንታ የሚሰጠውን የማደሪያ መሬት ነው። ይህን ለማግኘት ግን ደጅ መጥናት ነበረበት፤ ደጅ ጥናት ደግሞ ስንቅ ይፈጃል።

በእኔ ግምት የመንዜው ጕልበት ርስቱ ነበረ። ርስት በትውልድ የሚወረስ እንጂ ጌታ ለአገልግሎት የሚቈርጠው ስላልሆነ፥ በጌታው ካልተስማማ ወደ ገብሱና ወደ በጎቹ ይመለሳል። ርስት የሌለው ግን የሰጡትን ይቀበላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ዘምተው፥ በአገራቸው ደጅ ጠንተው የማያገኙትን መሬትና ገባር ያገኙም ነበሩ።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥዎችን በመንግሥት ደመወዝ ሲያሳድር ሎሌ የሚያማርጠው ጌታ አነሰ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ርስቱም ቀረ።