የበጉ ሽሽት

ቻርሊ ቻፕሊን ሲነሳ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ባርኔጣው፣ ከዘራውና ያቺ ቁንጽል ጢሙ ናት። እኔን ግን በግ ነው ትዝ የሚለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ለንደን ውስጥ ልጅ ሳለ ከሚኖሩበት መንገድ ዳር ቄራ ነበር። አንድ ቀን ለእርድ ከሚነዱት በጎች አንዱ አመለጠ። መንደሩ ሁሉ በጉን ለመያዝ ሲራወጥ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲወድቅ፣ ልጁ በሳቅ ፈረሰ። በጉ ተይዞ ወደ ቄራው ሲመለስ ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ሊያርዱት ነው እያለ፣ እያለቀሰ ወደ እናቱ ሮጠ። የፊልሞቼ ዘር ምናልባት ያቺ ቀን ሳትሆን አትቀርም ባይ ነው።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ስለ ሳቅና ኀዘን ዝምድና ስንቱን መጽሐፍ አገላብጫለሁ መሰላችሁ! አንዱም የዚህን በግ ያህል አላስረዳኝም።

ቻርሊ የተወለደው በ1889 ነው። እናትም አባትም የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። አባትየውን መጠጥ በ1901 ቀበረው። እናቱ ሐና ደግሞ መጀመሪያ ድምጿ ከዳት፣ ኋላም አእምሮዋ ታወከ። ልጁ በሰባት ዓመቱ ከእናቱና ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር የላምቤዝ ድሆች መጠለያ ገባ፤ እዚያም እናትና ልጅ ለየብቻ ናቸው። ደህና በነበረችበት ጊዜ ሐና መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ የአላፊ አግዳሚውን አረማመድ እየኮረጀች ታሳየው ነበር። እንግዲህ ያለ ቃል መናገርን ከዚያች መስኮት ተማረ ማለት ነው።

በ1908 ፍሬድ ካርኖ ቡድን ውስጥ ገባ፣ ከቡድኑም ጋር አሜሪካ ተሻገረ። በ1913 ኪስቶን ለተባለው ፊልም ሠሪ በሳምንት 150 ዶላር ፈረመ። በ1914 መጀመሪያ ያ ኮቱ የጠበበው፣ ሱሪው የሰፋው፣ ጫማው የገዘፈው ምንዱባን በፊልም ታየ። ድምፅ አልባ ፊልም አስተርጓሚ አይሻም፤ እንግሊዝኛ የማያውቀውም ስደተኛ እኩል ይስቃል። በ1915 ደመወዙ በሳምንት 1,250 ዶላር ሆነ። በ1916፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ በሳምንት 10,000፣ በዚያ ላይ የፊርማ 150,000 ዶላር! መቼም እንዲህ ያለ እድገት በህልምም አይታይ።

ገንዘቡ ግን ያንን መጠለያ አላስረሳውም። በ1921 በሠራው «ዘ ኪድ» ፊልም ሹማምንቱ ሕፃኑን ከአሳዳጊው ነጥቀው ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ሊወስዱት መኪና ላይ ይጭኑታል። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ ይለምናል። ያ ምንዱባን ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ መኪናውን ያሳድዳል። እዚህ ጋ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

በዚያው ዓመት እናቱን ካሊፎርኒያ አስመጣት። ባሕር ዳር ቤት ሰጥቶ፣ ተንከባካቢ ቀጥሮላት፣ በ1928 እስክትሞት ድረስ ጦራት።